በጥጥ የተደፈነ ጣራ

ጣራው ከመውደቁ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብዬ ጀምሬ ነው። በዕድሜዬ ከተናገርኩት ቃል ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ነው። እናንተም ስታነቡ አብራችሁኝ ብትናደዱ ደስ ይለኛል፤ እኔን ለማጽናናት ግን አትድከሙ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። አቃቂ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የሚተከልባት፣ ሰው ሰዓቱን በፋብሪካ ጡሩምባ የሚያውቅባት ጊዜ። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ቁመታቸው ወገቤ ከሚደርስ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ የተጻፈ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ የክብሪት ቀፎ ላይ ያለውን ሳይቀር አነባለሁ። ከጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል አውጥተው ፕላን ክፍል ያስገቡኝ እጄ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያወጣ ነበር። ሥራዬ ኢንጂነሩ በእርሳስ በነደፈው ፕላን ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቼ በቀለም መገልበጥ ነው። መስመር ሲዛነፍብኝ ፍቄ አላስተካክልም፤ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። በዚህም «ወረቀት አባካኟ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

ኢንጂነሩ ፈረንጅ ነው፤ ሁላችንም «ሙሴ» ነበር የምንለው። በፋብሪካው የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ጣራ የነደፈው እሱ ነው። ሐሳቡ ግን የአስተዳደር ሹሙ የአቶ ጌታነህ ነበር። በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ ጣራው እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት የስፖርት ቦታ አየና «ለእኛስ ምን ያንሰናል?» አለ። ፊቱ ስቆም አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ነው፤ አንተ እለዋለሁ። ሐምሌ ላይ ሳይረጥቡ ኳስ መጫወት፣ አዲስ አበባ ላይ እንኳ የሌለውን አቃቂ ላይ ማቆም፣ ከዚያ አጠገቡ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት፤ ምኞቱ ይኸው ነበር።

ጣራው ሁለት ክፋይ ነው። በበጋ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ይገፋና ሜዳው ለፀሐይ ይከፈታል፤ ሲዘንብ ሁለቱ መሐል ላይ ይገጥማሉ። እያንዳንዱ ክፋይ በብረት ጎማ ሀዲድ ላይ ይሄዳል። መዘውሩን የሚያዞሩት በዚህ ስምንት በዚያ ስምንት ሰዎች ናቸው። ሙሴን ያስጨነቀው ሀዲዱ ነበር፤ ውሃና ጭቃ ከገባበት ጎማው ይነክሳል። ስለዚህ ጣራውን ወደ ውጭ ማዝመሙን ትቶ ወደ መሐል አዘመመው። ሁለቱ ክፋዮች የሚገጥሙበት ጠርዝ ደግሞ ውሃ ወደ ሜዳው እንዳይፈስ አንድ ክንድ ያህል ሽቅብ እንዲቆም አደረገ። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ውሃ መሐል ላይ ይሰበሰባል ማለት ነው። ከዚያ በአሸንዳ ወደ ሰሜን ጫፍ ይሄድና በስድስት ቀዳዳዎች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። ስድስት ቀዳዳ፤ እያንዳንዳቸው ጡጫ የሚያስገቡ። ሌላ መውጫ የለውም። እነዚያን ስድስት ክቦች በኮምፓስ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። ከጎናቸው «የውሃ መውረጃ፤ ዘወትር ይጸዳ» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ለሙሴ አገር ዝናብ ይህ ይበቃ ይሆናል። የእኛን ሐምሌ ግን ሰውዬው ከመስኮት ነበር የሚያውቀው። ለዚያውም ሥራው እንዳለቀ፣ ሐምሌ ሳይገባ፣ ለዕረፍት አገሩ ሄደ።

ምርቃቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ከሚኒስቴር ክቡር እንግዳ ይመጣሉ ተባለ። የፋብሪካው የሴቶች ቡድን ከሌላ ፋብሪካ ቡድን ጋር ይጫወታል፤ የቡድናችን አምበል ደግሞ ታናሽ እህቴ ጽጌ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጃንጥላ።

ቅዳሜ ዕለት ጣራው ለልምምድ ተዘጋ። ፕላኑን ይዤ እንድገኝ ታዝዤ ስለነበር ዳር ቆሜያለሁ። መግቢያው በሰሜን በኩል ስለሆነ የክብር እንግዳው መቀመጫም እዚያው ተሠርቷል። የውሃ መውረጃውን ጉድጓድ በሳንቃ ከድነው፣ ሳንቃው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ምንጣፉ ላይ ወንበር አስቀምጠዋል። ውጭ ያካፋ ነበርና፣ ከስድስቱ ቀዳዳዎች እዚያ ወንበር ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

አቶ ጌታነህ መጀመሪያ ወንበሩን ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ምንድን ነው ይሄ? ነገ ክቡርነታቸው ላይ ሊንጠባጠብ ነው?»

«ወንበሩን ፈቀቅ እናድርገው?» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«የአቀማመጡ ፕላን ለሚኒስቴር ተልኳል። ወንበር አይነካም! ቀዳዳውን ድፈኑልኝ።»

በምን እንደፍነው የሚል አልጠፋም። በጨርቅ ፋብሪካ ግቢ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ከማሽን ሥር የሚጠረገው ውዳቂ ጥጥ በጆንያ ተቆልሏል። ጥጡን እየጠቀጠቁ፣ በላዩ ሬንጅ እንዲያፈሱ ታዘዙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቶ ጌታነህ» አልኩ። «ውሃው የሚወጣው በእነዚያ ብቻ ነው። ከተደፈኑ እላይ ይጠራቀማል።»

«ይጠራቀማ! እላይ ይጠራቀም፣ እታች አይምጣብኝ። ጣራ የሚሠራው ለምን መሰለሽ?»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ፕላኑ ላይ እኮ…»

«ወይዘሪት አስካለ፣ የተቀጠርሽው ልትገለብጪ ነው ልታነቢ?»

አሁንም ሳቁ። ፕላኑን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቢሮ ተመልሼ ከሙሴ መደርደሪያ ስለ ጣራ ክብደት የሚያወራ መጽሐፍ አወረድኩ። ቋንቋው ግማሹ አይገባኝም፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። ደምሬ፣ አባዝቼ፣ ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። ከባድ ዝናብ ለሩብ ሰዓት ቢጥል፣ መሐል ሜዳው አናት ላይ ስልሳ ኩንታል ውሃ ይንጠለጠላል። ብረቶቹ ይህን እንዲሸከሙ አልተሠሩም። በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እሑድ ጠዋት ይዤለት ሄድኩ። ምርቃቱ ቦታ ጠረጴዛ ሲያስነጥፍ አገኘሁት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስልሳ ኩንታል ነው።»

«ምኑ?»

«ውሃው። እላይ የሚጠራቀመው።»

«ስልሳ ኩንታል! በስንት አህያ አስጭነሽ አወጣሽው?» አለና ወረቀቴን ተቀበለኝ። አላነበበውም። የክቡርነታቸው ጠረጴዛ አንዱ እግሩ አጥሮ ይነቃነቅ ነበር፤ ወረቀቴን አራት ላይ አጠፈና ከእግሩ ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አየ። ረግቷል። «እንዴ፣ ጠቀምሽን እኮ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስተውሉልኝ። ወደሚሰማኝ ሰው ሄድኩ። የመዘውር አዟሪዎቹ አለቃ ጋሽ ሸምሱ ይባሉ ነበር፤ የስልጤ ሰው፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የፈጁ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ፈገግታ የማያጡ። ጎማዎቹን ግራሶ ሲቀቡ ደረስኩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ዝናብ ቢበረታ ጣራውን መክፈት ይቻላል?»

«ደረቁን እንኳ አሥራ ስድስት ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ነው የሚገፋው። ውሃ ከያዘ አቃቂ በሙሉ ቢሰለፍ ንቅንቅ አይልም። ምነው?»

ያሰላሁትን ነገርኳቸው። ግራሶ የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለእነሱ ነገርሻቸው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እና?»

«ሳቁ።»

«እኔም ያንን ጥጥ ስጠቀጥቅ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ግዴለም። ዝናቡ ከጠና ወጥቼ እነቅለዋለሁ። ጥጥ አይደል? ሦስቴ ስበት ነው።»

«አይወድቁም?»

«በሚሄድ ባቡር ጣራ ላይ የሮጥኩ ሰው ነኝ እኮ አንቺ! የቆመ ጣራ ነው የሚጥለኝ?»

ቀለል አለኝ። አዎ፣ ቀለል አለኝ! ሸክሜን ከእኔ በታች በተቀመጠ ሰው ጫንቃ ላይ አራግፌ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ምርቃቱ ሄድኩ።

ጽጌን መግቢያው ላይ አገኘኋት።

«እቴቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሳንጫወት ተሸነፍን እንዴ?»

«ጽጌ፣ መሐል አትሁኚ። ዳር ዳሩን ተጫወቺ።»

«ዳር ዳሩን የሚጫወት አምበል የት አየሽ? መጽሐፍሽ ላይ?» ጉንጬን ስማኝ እየሳቀች ገባች።

የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ እዚያ ነበር። ክቡርነታቸው ገቡ፤ ቆምን፤ ተቀመጡ፤ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሳይነሱ የሚነሣ የለም። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኞችም የታዘዙት ይህንኑ ነው፤ ክቡርነታቸው ከመነሣታቸው በፊት ወጪ ካለ ይመልሱ።

የመጀመሪያውን ዙር እኛ አሸነፍን። ሁለተኛው ሲጋመስ ሰማዩ ተደረመሰ። ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ በረዶም ነበር። ቆርቆሮው የድንጋይ ናዳ የወረደበት መሰለ፤ የዳኛው ፊሽካ እንኳ አይሰማም። ሕዝቡ ግን በደስታ ሰከረ። ውጭ ሐምሌ እየጮኸ፣ ውስጥ አንድ ጠብታ የለም! አቶ ጌታነህ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ተነሣ።

«ክቡርነትዎ! ውጭ ክረምት ነው፣ እዚህ ግን በጋ ነው!»

ጭብጨባ።

እኔ የማየው ጣራውን ነበር። ሁለቱ ክፋዮች የገጠሙበት መስመር፣ በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ያወጣሁት መስመር፣ ሆዱን አውጥቷል። ዓይኔ ተሳስቶ እንዳይሆን ጨፍኜ ገለጥኩ። ይበልጥ ወርዷል። ከሥሩ ጽጌ ኳስ ለመምታት ትዘላለች።

በዚህ ጊዜ ከክቡርነታቸው ወንበር ጎን አንድ ጥቁር ነገር ዱብ አለ፤ በሬንጅ የተለወሰ ጥጥ። ተከትሎት የውሃ ዓምድ ወርዶ ምንጣፉን መታው። ጋሽ ሸምሱ ወጥተዋል! ሁለተኛው ጥጥ ወደቀ፤ ሁለተኛው ዓምድ ወረደ። የክቡርነታቸው ጫማ ራሰ። አቶ ጌታነህ ፊቱ ጠቆረ፤ ድምፅ ማጉያው እጁ ላይ መሆኑን ረስቶ «ያንን ሰውዬ አውርዱልኝ!» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ሁለት ዘበኞች ወደ ውጭ ሮጡ።

ሁለት ቀዳዳ ስልሳ ኩንታልን አያወርድም። በስሌቴ ያላስገባሁት በረዶ ደግሞ አሸንዳውን እየሞላው ነው። ከላይ ብረት ሲያቃስት ሰማሁ፤ አጠገቤ ያሉትም ሰሙ። አንዲት የፈትል ክፍል ሴት ብድግ ልትል ብላ ወደ ክቡርነታቸው አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ተመልሳ ተቀመጠች! እኔም ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ እየሰማ፣ አንድ ሰው እስኪነሣ ድረስ ተቀምጦ ሊሞት ነው። እህቴም መሐል ሜዳ ላይ ሆና።

ተነሣሁ። በሜዳው ላይ፣ በጨዋታው መሐል፣ ቀጥ ብዬ ወደ ምንጣፉ ሄድኩ። አቶ ጌታነህ እጁን ዘርግቶ ያዘኝ።

«አብደሻል? ተቀመጪ!»

ክንዴን ከእጁ መነጨቅኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልወጣኝ ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

«ክቡርነትዎ፣ ይነሱ! ጣራው እየወደቀ ነው! ይነሱ!»

ሽማግሌው አዩኝ። ወደ ላይም አዩ። ቢያንስ እሳቸው ዓይን ነበራቸው። ተነሡ።

እሳቸው ሲነሡ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። ዘበኞቹ በሩን በሁለት በኩል በረገዱት። «ጽጌ!» ብዬ ስጮህ ከመረቡ ሥር ሁለት ልጆች እየጎተተች ስትወጣ አየኋት። ልብሷን ጨምድጄ ይዤ በሩን እንደ ተሻገርን ከኋላችን ምድር የተሰነጠቀ መሰለኝ። ዞር ስል ሜዳው የለም። ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ነጭ በረዶ፣ በላዩ የሚንቦጨረቅ ውሃ ነው።

ጽጌ ክርኗ ተልጦ ነበር። ከሜዳው የሞተ ሰው አልነበረም። ይህን ብቻ ሰምቶ «ተመስገን» ብሎ የሚዘጋ አንባቢ እንዳይኖር። ጋሽ ሸምሱን ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር አገኘናቸው። ቀኝ እጃቸው ውስጥ የሦስተኛው ቀዳዳ ጥጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለአጣሪዎቹ ቃሌን እንድሰጥ ተጠራሁ። ሦስት ሹማምንት፣ አንድ ጸሐፊ፣ ከጎናቸው አቶ ጌታነህ። አስቀድሞ የተጻፈውን አነበቡልኝ፤ «ሟቹ ሳይታዘዝ ጣራው ላይ በመውጣቱ፣ በሰውነቱም ክብደት ሚዛኑን በማሳጣቱ…»

«ጋሽ ሸምሱ ስንት ኪሎ ነበሩ?» አልኩ።

«ምን?»

«ክብደታቸው ጣራ ጣለ ካላችሁ፣ ስንት ኪሎ ነበሩ?»

አቶ ጌታነህ አሳለ።

«ደግሞም ሳይታዘዙ አልወጡም» አልኩ። «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አለ ጌታነህ። «በምን ሥልጣንሽ?»

«በምንም። የውሃ መውረጃው በጥጥ መደፈኑን ስለማውቅ ነው የላክኳቸው። ማን እንዳስደፈነውም አውቃለሁ፤ እዚህ ተቀምጧል። ጻፉት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ወደ ሹማምንቱ አየ። «ጻፉት» አልኩ እንደገና። ይቅርታ ያድርጉልኝና አላልኩም። ሲጽፍ በዓይኔ አይቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቱ «ያለ ሥልጣኗ ትእዛዝ ሰጥታ ለሰው ሞት ምክንያት በመሆኗ» ይላል። ከቃሌ ግማሹን ወስደዋል፤ ስለ ጥጡ አንድ ፊደል የለበትም። አቶ ጌታነህ በዚያው ወንበሩ ቆየ።

አሁን አርጅቻለሁ። በቴሌቪዥን እንደ አበባ የሚከፈት፣ እንደ ጃንጥላ የሚዘጋ ጣራ ያላቸው ስታዲየሞች አያለሁ። የልጅ ልጆቼ በኳሱ ሲጯጯሁ እኔ «ውሃው በየት ነው የሚወርደው?» እላለሁ፤ ይስቁብኛል፤ እነሱ ይሳቁ። በየሄድኩበት ስብሰባ፣ የቧንቧም ይሁን የአጥር፣ የማውቀውን በዝቅተኛ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ነገረኛ፣ አፈኛ፣ ንትርክ የማትጠግብ ይሉኛል። እናንተም የምታውቁትን ለአለቃ አንዴ ሹክ ብላችሁ «ተናግሬያለሁ» የምትሉ ከሆነ፣ አልተናገራችሁም። ይህን በቁጣ ነው የምነግራችሁ፤ ቁጣው ለእናንተ አይደለም፣ ግን ይድረሳችሁ።

የዚህ ሁሉ ጩኸቴ መነሻ ግን ሌላ ቀን ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት አቃቂ በሰቃ ሰፈር ወደ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከፊት ለፊቱ ባለች ትንሽ ሱቅ ጨውና ሳሙና ይሸጡ ነበር። ሲያዩኝ ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ባሌን የላክሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ክጄ እንድምል ጠብቀው ነበር መሰለኝ፣ ትንሽ ደነገጡ።

«ያ ሁሉ ጌታ፣ ያ ሁሉ ዘበኛ ባለበት ለምን እሱን?»

«ሌሎቹ አልሰሙኝም፣ እትዬ። እሳቸው ሰሙኝ።»

ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት ቆማ ጠብቃ ጠብቃ ሄደች።

«ስለሰማሽ ሞተ በይኛ።»

«አዎ።»

ይቅር አላሉኝም፤ አልረገሙኝም። የሱቁን መዝጊያ ሳንቃ አነሡና አንድ በአንድ መግጠም ጀመሩ። የመጨረሻውን ሳይገጥሙ በቀረችው ክፍተት አዩኝ።

«ሁለተኛ የሚሰማሽን አትላኪ» አሉ። «የማይሰሙሽ ጆሮ ላይ ሄደሽ ጩኺ።»

ሳንቃውን ገጠሙት።